ግራ አይገባኝም

ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ ሰባ አንድ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ደረጃው ባዶ ሲሚንቶ፣ መደገፊያው ገና የሚጠበቅ።
ካርቶን ተሸክሜ ወጣሁ፣ በትከሻዬ ሽቦ ጠምጥሜ፣
በየፎቁ ቆሜ፣
ትንፋሼን ለቅሜ።

«ደባልቄ ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ፤ ቴፕ ሠሪ።»
«ግባ ወንድሜ፤ ሦስት ሰው አይቶት ሄደ፣ ሁሉም ሽቦ ፈሪ»
አሉ ወይዘሮ ይመኙሻል።

ሪሲቨር ሲባል ባልየው የመሰላቸው
የዲሹ ነበር፤ «ስንት ቻናል አለው?» ሲሉኝ ሳቅኩላቸው።
«ሰማይ አያይም ይሄ፣ ጋሼ፤ የሚያየው ወደ ቤት ነው፤
የሁሉን አቤቱታ ሰምቶ ለየጆሮው የሚፈርድለት ነው።»

ጀርባውን አዞርኩት። ፊቱማ ምንድን ነው? አንድ ቁልፍ፣ አንድ መብራት፤
የሰውም የዕቃም ጉዱ ከኋላ ነው፤ የቀዳዳው ብዛት!
መግቢያ፣ መውጫ፣ መግቢያ፣ መውጫ፤ እንደ መርካቶ ጓሮ መተላለፊያ፤
መውጫን ከመውጫ የገጠመ ሁለት ተናጋሪ ጎለተ፣
ሰሚ የለ፣ የለው ማረፊያ።

ቴሌቪዥኑን በኤችዲኤምአይ፣ አሮጌውን ዲቪዲ በሦስቱ ገመድ፦
ቢጫው ለዓይን፣ ቀይና ነጩ ለጆሮ፤ ይህ ሕፃን እንኳ የሚለምድ።
የስፒከሩን ሽቦ ጫፍ በጥርሴ ላጥኩት (እናቴ ይህን ብታይ!)፤
ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፤
አንዲት የመዳብ ጸጉር እንዳታርፍ ከጎረቤቷ ላይ።
ገላን፣ አንድ ሆቴል ቤት፣ አንዷ ጸጉር አጨሰችብኝ፤
ባለቤቱ ጭሱን ሰበብ አድርጎ ሒሳቤን በላብኝ።

አምስት ሳጥን፤ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከሶፋው ጀርባ፣
መሃለኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር፤ ወፍራሙም ከጥጉ ገባ።
ቀረ ሙከራው። ጋሼ ሶፋው ላይ፣ ወይዘሮ ከማድቤቱ በር፣
ማሽኑ ራሱ እንደ ዝናብ «ሽሽሽ» እያለ ከሳጥን ሳጥን ሲዞር።

«ከግራ ይመጣል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ዝም አሉ። ገረማቸው። ባለሙያው እኔ፣ ጠያቂው እኔ!
የልጅ ልጃቸው ፍሬሕይወት፣ የሰባት ዓመቷ፣ ጠጋ ብላ ከጎኔ
«አንተ አይሰማህም?» አለች፤
ልጅ አይደል፣ ሌላው የሚያስታምመውን ቀጥ አድርጋ ጠየቀች።

እውነቱን ነገርኳት። ሃያ ዓመት በሠርግ ድንኳን፣ ስከፍት ስዘጋ፣
ከትልቁ ስፒከር ሥር ስውል፣ ግራ ጆሮዬን ሳስጠጋ፣
ስንቱን ሙሽራ ስድር፣ እሷንም አብሬ ዳርኳት፤
እስከ ዛሬ ለመልስ አልመጣች፣ ብጠብቃት፣ ብጠብቃት።
ሰው ሁሉ «ግራ ገባኝ» ይላል፤ በኪራዩ፣ በኑሮው፣ በልጁ፤
እኔ ግን ግራ አይገባኝም፤
ተዘግቶበታል ደጁ።

«ታዲያ እንዴት ትሠራለህ?»
እጇን ይዤ ከጨርቁ ሥር፣ ከጥቁሩ ወረቀት ላይ አኖርኩት፤
«ሽሽሽ» ሲል ይርገበገባል፣ ልክ እንደ ጫጩት ደረት።
«ኧ!» ብላ እጇን ሰበሰበች። ደግሞ መለሰችው።

ከዚያ ወዲያ ግራዬ እሷ ሆነች። ሶፋው ጀርባ ሮጣ፣ «እዚህ አለ!»
ወዲያ ዘላ፣ «እዚህ ጠፋ!»
የኋላውን ቀኝና ግራ አቀያይሬው ኖሯል፤
ሽቦ አይዋሽም፣ የኔው ጥፋት፣ ያውም በይፋ።

ሲመሽ ወረድኩ። ከብሎኮቹ ማዶ የተረፈው የጤፍ ማሳ ይታያል፣
አንድ ክሬን ከላዩ ሥራ ፈትቶ ቆሟል።
ሒሳቤ በኪሴ፣ አስፋልቱን በቀኜ አድርጌ ስራመድ
(መኪናን ከሩቅ የሚያይልኝ ቀኝ ጆሮዬ ነው፣ ከሱ ሌላ የለኝም ዘመድ)፣

«ጋሽ ደባልቄ! ፒንሳህን ረስተሃል!»

የልጅ ድምፅ ነው። ግን ከየት? በአንድ ጆሮ አቅጣጫ ማን ያገኛል?
ሰባ አንድ ይሁን ሰባ ሁለት፣ ብሎኩ ሁሉ መንታ፣
በየበረንዳው ያው የተሰጣ አንሶላ፣ ያው ኩታ።
ዞርኩ፣ ደግሞ ዞርኩ፤ ስሜ ከግንብ ግንብ እየነጠረ ከበበኝ፤
ያን ማታ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣
ግራ ገባኝ።